የመንግሥት ሲስተሞች ትስስርና የተዘነጋው የመገናኛ ንድፍ ሰነድ

ሐተታ

አንድ ባለጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር ተጽፎ ክብ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ያመራል። በዚያ ያለው ባለሙያም ደብዳቤውን ከፊቱ አስቀምጦ በላዩ የሰፈረውን ስም፣ የልደት ቀንና የመለያ ቁጥር አንድ በአንድ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ይገለብጣል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር አላቸው። ሁለቱም ከኔትወርክ ጋር ተገናኝተዋል። መረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልሰው ግን የባለጉዳዩ እግር ነው።

ይህ ሁኔታ ለመንግሥት ሠራተኛውም ሆነ ለተገልጋዩ ኅብረተሰብ እንግዳ አይደለም። ችግሩ ሲነሳ በአብዛኛው የሚጠቀሰው ምክንያት የመሣሪያ፣ የመስመር ወይም የበጀት እጥረት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን መሣሪያውና መስመሩ ተሟልቶ፣ ሲስተሙም በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ ትስስሩ ሳይሰምር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለዚህም ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ብዙም ትኩረት ያልተሰጠው ጉዳይ ሲሆን፣ እርሱም ሲስተሞች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ስምምነት በሥርዓት ጽፎ፣ አደራጅቶና ባለቤት ሰጥቶ አለመያዝ ነው።

ከወረዳኔት እስከ መሶብ

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ የመንግሥት አሠራርን በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለመደገፍ ጥረት ማድረግ ከጀመረች ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኗል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ያገናኘ የመሠረተ ልማት ሥራ ነበር። በፋይናንስ ዘርፍ አይቤክስ፣ ቀጥሎም አይፍሚስ በሚል ስም የሚታወቁት የበጀትና የሂሳብ ሲስተሞች ሥራ ላይ ውለዋል። በዚያው ዘመን የተካሄደው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥም በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ሂደቶችን ከጅምር እስከ ፍጻሜ መርምሮ ለማሳጠር ያለመ ነበር።

ከዚያም በጥር 2012 ዓ.ም. አስመጪና ላኪዎች ከተለያዩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁትን ፈቃድ በአንድ መስኮት እንዲያገኙ የሚያስችለው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት በይፋ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ጸደቀ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ወጣ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የበርካታ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራውን ጀመረ።

የእነዚህ ሥራዎች አቅጣጫ አንድ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት ሲስተም ባለቤት ማድረግ ሲሆን፣ አሁን የተያዘው ምዕራፍ ሲስተሞቹን ማነጋገር ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር በተደረደሩ መስኮቶች መካከል ወረቀት የሚመላለስ ከሆነ ለባለጉዳዩ ያጠረለት የመንገዱ ርዝመት ብቻ ይሆናል። በመሆኑም የአንድ ማዕከል አገልግሎት ስኬት በመጨረሻ የሚለካው ከመስኮቱ ጀርባ ያሉት ሲስተሞች በሚግባቡበት መጠን ነው።

መገናኛ ሲባል ምን ማለት ነው?

የዘርፉ ባለሙያዎች ኢንተርፌስ የሚሉት ነገር ሁለት ሲስተሞች መረጃ የሚቀባበሉበትን በር ነው። በዚህ ጽሑፍ መገናኛ እንለዋለን። ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኛ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ለሌላው ደብዳቤ ሲጽፍ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ «ጉዳዩ» የሚለው መስመርና ግልባጭ የተለመደ ቦታ አላቸው። ቁጥር የሌለው ወይም ፊርማ ያላረፈበት ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። ላኪና ተቀባይ ተያይተው ባያውቁም የሚግባቡት ይህ ሥርዓት በመኖሩ ነው።

ሲስተሞችም የሚግባቡት በዚሁ አኳኋን ነው። ልዩነቱ ሰው የጎደለውን በግምት የሚሞላ መሆኑ ላይ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ስህተት መሆኑን ካስተዋለ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን የተሰጠውን ይቀበላል፤ ካልሆነለትም ይጥላል። ስለዚህ በሰዎች መካከል በልማድ የሚታለፈው ነገር ሁሉ በሲስተሞች መካከል በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። ይህን የሚይዘው የመገናኛ ንድፍ ሰነድ ነው።

አንድ ቀን በሁለት አቆጣጠር

የሰነዱ አስፈላጊነት ከምንም በላይ ጎልቶ የሚታየው በአገራችን የቀን አጻጻፍ ላይ ነው። ለአብነት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የተወለደው ታኅሣሥ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው እንበል። የሰው ሀብት ሲስተሙ ይህንን 12/04/1985 ብሎ መዝግቦታል። መረጃው ከውጭ አገር ተገዝቶ በመጣ ሌላ ሲስተም ሲነበብ ምንም የስህተት መልእክት ሳይታይ ኤፕሪል 12 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይመዘገባል። ትክክለኛው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 1992 ነው። ሠራተኛው በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ ማለት ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት በመሆኑ በ2045 ዓ.ም. መሰናበት የሚገባው ሰው በ2037 ዓ.ም. የመሰናበቻ ማስታወቂያ ሊደርሰው ይችላል። መረጃውን የሚቀበለው ሲስተም ወርን ከቀን አስቀድሞ በሚጽፈው በአሜሪካውያን ልማድ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ያው ቁጥር ዲሴምበር 4 ቀን 1985 ሆኖ ሌላ ሦስተኛ ዕድሜ ይሰጠዋል።

በአንጻሩ ጥቅምት 30 ቀን የተወለደ ሰው 30/02 ተብሎ ሲላክ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ሲስተሙ አይቀበለውም። በጳጉሜን የተወለደም 13ኛ ወር በማያውቅ ሲስተም ዘንድ ቦታ የለውም። መዝጋቢው ሥራው እንዳይቆምበት በማሰብ ለመቀበል የሚመች ሌላ ቀን ቢያስገባ ሐሰተኛ መረጃ ይፈጠራል። ከእነዚህ መካከል አሳሳቢው ሲስተሙ ያልተቀበለው መረጃ ሳይሆን በስህተት የተቀበለው መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ያልተቀበለው ወዲያው ይታያል፤ የተቀበለው ግን ከዓመታት በኋላ በአንድ ሰው ጡረታ፣ በአንድ ተማሪ ምዝገባ ወይም በአንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ይገለጣል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። በመገናኛ ሰነዱ ውስጥ «የልደት ቀን የሚላከው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዓመት በአራት አሃዝ፣ ወርና ቀን በሁለት ሁለት አሃዝ በዚሁ ቅደም ተከተል ተጽፎ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የመመለሱ ኃላፊነት የተቀባዩ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር በቂ ነው። የሰዓት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በእኛ ልማድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለው በሌላው 9 ሰዓት በመሆኑ የጨረታ መዝጊያ ወይም የችሎት ቀጠሮ በስድስት ሰዓት እንዳይዛነፍ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ስም፣ ፊደልና ቁጥር

ሁለተኛው የአለመግባባት ምንጭ ስም ነው። ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡ ሲስተሞች የግል ስምና የቤተሰብ ስም የሚል ሁለት ክፍት ቦታ ይዘው ይመጣሉ። በእኛ አገር የሚጻፈው ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት በቤተሰብ ስም ቦታ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ከመዘገበ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

የፊደልም ጉዳይ አለ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»ም እንዲሁ። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደረጃ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፉ ሰነዶች የየራሳቸው የፊደል አሰያየም ባላቸው ሶፍትዌሮች የተዘጋጁ ነበሩ። እነዚህን የቆዩ መዛግብት ከአዳዲስ ሲስተሞች ጋር ለማስተሳሰር የትኛው የአጻጻፍ ሥርዓት ወደ የትኛው እንደሚለወጥ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የግድ ይላል።

ቁጥርም ቢሆን ከዚህ አይድንም። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር በሰንጠረዥ ላይ እንደ ሂሳብ ቁጥር ከተመዘገበ መነሻው ዜሮ ይጠፋል። ከ15 አሃዝ የሚበልጥ የመለያ ቁጥር በኤክሴል እንደ ሂሳብ ቁጥር ሲገባ ትርፎቹ አሃዞች ወደ ዜሮ ይለወጣሉ። ስለሆነም መደመርና መቀነስ የማይደረግበት ማንኛውም መለያ እንደ ጽሑፍ እንዲያዝ በሰነዱ መደንገግ አለበት።

የአስተዳደር መዋቅር መለያዎችም ይለወጣሉ። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሥርተዋል። ቀድሞ በአንድ የክልል መለያ ሥር ይላክ የነበረው መረጃ ዛሬ በአራት ክልሎች ሥር ይገባል። የመለያ ዝርዝሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚያገለግል ካልተገለጸ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ከዘንድሮው ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ሰነድ መኖሩ ብቻ አይበቃም

የመገናኛ ስምምነትን መዘንጋት በየትም አገር ዋጋ ያስከፍላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1998 የተነሳችው ይህች መንኮራኩር 286 ቀናት ተጉዛ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስ ስትደርስ ጠፋች። ከፕላኔቷ ገጽ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ታልፋለች ተብሎ ሲጠበቅ ወደ 57 ኪሎ ሜትር ገደማ መቅረቧን ከዚያ በኋላ የተደረገው ስሌት አሳይቷል።

አጣሪ ቦርዱ ያገኘው ምክንያት አስተማሪ ነው። ከምድር ሆኖ የሚሠራው አንዱ ሶፍትዌር የሞተሩን ግፊት ያሰላው በእንግሊዝ መለኪያ ሲሆን፣ ተቀባዩ ሶፍትዌር ደግሞ በሜትሪክ መለኪያ የተሰላ አድርጎ ወሰደው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በመገናኛ ሰነዱ ላይ የሰፈረው የሜትሪክ መለኪያ ነበር። ሰነዱ ነበረ፤ የተሠራው ሶፍትዌር ከሰነዱ ጋር መጣጣሙን ያረጋገጠ ግን አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው ሰነድ ጽፎ መደርደሪያ ላይ ማኖር ሰነድ ከማጣት እምብዛም እንደማይሻል ነው።

ሰነዱ እንዴት ይደራጅ?

ከዚህ አኳያ ጥያቄው ሰነዱ ምን ይዞ፣ እንዴት ተደራጅቶ ይቀመጥ የሚለው ይሆናል። በተግባር እንደሚታየው ብዙዎቹ የመገናኛ ሰነዶች በቴክኒክ ቋንቋ ተጀምረው በቴክኒክ ቋንቋ ያልቃሉ። የሚፈርመው ኃላፊ አያነባቸውም፤ መረጃውን የሚያመነጨው የሥራ ክፍልም አያውቃቸውም። ስለዚህ ሰነዱን እንደ አንባቢው በሦስት ደረጃ መከፋፈል ይጠቅማል።

አንደኛው ለኃላፊዎች የሚሆን ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ክፍል ነው። መረጃ ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ መረጃው ለምን ዓላማ እንደሚውልና በየትኛው ሕግ እንደሚተላለፍ ይገልጻል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ክፍል የሕግ ግዴታም መገለጫ ነው። የአንድን ሰው ዕድሜ ማረጋገጥ ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት አድራሻውንና የቤተሰብ ሁኔታውን ጨምሮ መላክ ተገቢ አይሆንም።

ሁለተኛው ለሥራ ክፍሎች የሚዘጋጀው የመረጃ መፍቻ ነው። እያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት ስሙ፣ ትርጉሙ፣ አጻጻፉ፣ የግዴታ መሆን አለመሆኑና ባለቤቱ በሠንጠረዥ ይቀመጣል። «ደመወዝ» ሲባል ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? «ሠራተኛ» ሲባል የኮንትራት ሠራተኛን ይጨምራል? የበጀት አኃዙ በብር ነው ወይስ በሺህ ብር? እነዚህን የሚመልሰው የኮምፒዩተር ባለሙያው ሳይሆን ሥራውን የሚያውቀው ክፍል መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው ለቴክኒክ ባለሙያዎች የሚሆነው ክፍል ነው። የመልእክቱን ቅርጽ፣ የደህንነት ጥበቃውን፣ የእንቅስቃሴ መዝገቡንና ስህተት ሲያጋጥም የሚወሰደውን እርምጃ ይይዛል። መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት ሁኔታ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ክብደት አለው። አንድ የክፍያ መልእክት ተልኮ ምላሹ ከመምጣቱ በፊት መስመሩ ቢቋረጥ ላኪው ደግሞ ይልካል። ተቀባዩ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ከወሰደው ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ክፍያ ይፈጸማል። እያንዳንዱ መልእክት የማይደገም ቁጥር እንዲኖረውና የተደገመው እንዳይፈጸም በሰነዱ ከተደነገገ ግን ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል።

ከእነዚህ ሦስት ክፍሎች በተጨማሪ ሰነዱ ሁለት አባሪዎች ያስፈልጉታል። አንዱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ የማሻሻያ መዝገብ ነው። ሌላው መገናኛው ከሰነዱ ጋር መጣጣሙ የሚፈተንባቸው ናሙናዎች ዝርዝር ነው። በጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው፣ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ስም፣ ተደግሞ የተላከ ክፍያ ከፈተናዎቹ መካከል መሆን ይገባቸዋል።

አንድ መዝገብ ለሁሉም

ሰነዶቹ በሚገባ ቢጻፉም በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነው ከተቀመጡ የታሰበውን ውጤት አያስገኙም። ሃያ መሥሪያ ቤቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢስማሙ 190 ስምምነት ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ የጋራ ደረጃና በአንድ መዝገብ ቢገናኙ ግን እያንዳንዱ የራሱን መረጃ አንድ ጊዜ ገልጾ ማስመዝገብ ይበቃዋል።

በዚህ ረገድ የኢስቶኒያ ተሞክሮ ትኩረት ይስባል። 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች የባልቲክ አገር ኤክስ ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። መረጃው በአንድ ማዕከል አይከማችም። ከሰጪው ወደ ተቀባዩ በቀጥታ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ መልእክትም በኤሌክትሮኒክ ማህተም ይረጋገጣል። ከቴክኖሎጂው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዙሪያው ያለው ሥርዓት ነው። የመንግሥት ሲስተሞችና የሚይዙት መረጃ በአንድ አገራዊ መዝገብ ይሰፍራሉ። አንድ ዓይነት መረጃ ለመሰብሰብ ሁለት የተለያየ የመረጃ ቋት ማቋቋምም በሕግ የተከለከለ ነው።

እርግጥ የኢስቶኒያ ስፋትና የአስተዳደር አወቃቀር ከእኛ ጋር አይመሳሰልም። አሥራ ሁለት ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች ባሉበት ፌዴራላዊ ሥርዓት፣ በተለያዩ የሥራ ቋንቋዎች የሚያዝን መረጃ ማስተሳሰር የላቀ ጥረት ይጠይቃል። ይኸው እውነታ ግን የጋራ የመረጃ መፍቻ አስፈላጊነትን ይበልጥ ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም።

የኃላፊዎች ድርሻ

የመገናኛ ሰነድ ጉዳይ ለኮምፒዩተር ክፍሉ ብቻ የሚተው አይደለም። ኃላፊዎች በእጃቸው ያሉ ቢያንስ ሦስት ውሳኔዎች አሉ። የመጀመሪያው በግዥ ወቅት የሚወሰን ነው። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የመገናኛ ንድፍ ሰነድ የርክክቡ አካል መሆኑና ባለቤትነቱም የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ካልተገለጸ ሲስተሙን ያለማው ድርጅት ውሉ ሲያልቅ እውቀቱን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ትስስር ያንኑ ድርጅት መለመን፣ ለተከፈለበት ሥራ ዳግም መክፈል ይመጣል።

ሁለተኛው ባለቤት መሰየም ነው። ለእያንዳንዱ መገናኛ በስም የሚታወቅ የሥራ ክፍል ኃላፊ ሊኖረው ይገባል። ባለሙያ ሲዛወር ወይም ሲለቅ ሰነዱ እንደማንኛውም የመንግሥት ንብረት በርክክብ ዝርዝር ውስጥ መካተት ይኖርበታል። ሦስተኛው ጊዜ መስጠት ነው። ትስስሩ በምረቃ ቀን እንዲደርስ በሚደረግ ጥድፊያ መጀመሪያ የሚዘለለው የፈተና ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። የተመረቀው አገልግሎት ከወራት በኋላ ወደ ወረቀት የሚመለሰውም ባብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር ዛሬ የሚለዋወጠውን መረጃ፣ በወረቀትም ሆነ በኢሜይል የሚሄደውን ጭምር፣ በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቦ የእያንዳንዱን ትርጉምና ባለቤት ቢያሰፍር የሥራው እኩሌታ ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል። ቀጣዩ ሲስተም ሲገዛም ከባዶ አይነሳም።

ማጠቃለያ

ሲስተሞችን ማስተሳሰር ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰርቨርና ኬብል ቢሆንም፣ ትስስሩን የሚያጸናው በመሥሪያ ቤቶች መካከል በግልጽ የተጻፈና የተፈተነ ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት ሲጓደል ጉዳቱን የሚሸከመው ሲስተሙ አይደለም። ዕድሜው የተዛባበት ጡረተኛ፣ ስሙ ያልተገኘለት አመልካች፣ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ነው። በአንጻሩ ሰነዱ በአግባቡ ተጽፎና ተደራጅቶ ሲያዝ በመግቢያው የተጠቀሰው ዜጋ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው ደብዳቤ ማድረስ አይጠበቅበትም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በሲስተሞቻቸው አማካይነት ቀድመው ተነጋግረዋልና።